ማይቢልስ፦ ጅማ ቁጭ ብዬ የሚኒሶታን ቢል (ረቂቅ ህግ) የምከታተልበት ሰርቪስ

ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ኡበር ነው የሚነዳው፣ በአፕ የሚጠራውን ታክሲ። የሹፌሮቹ ክፍያ ህግ ምን ላይ ደረሰ ሲባል እሱ ከመሪ ስለማይነሳ የምከታተለው እኔ ነኝ፣ ጅማ አጂፕ ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እማዬም በየቀኑ «ያ ነገር ፀደቀ ወይ?» ትላለች የፀደቀ ቀን ቤት የሚሰራላት ይመስል።

መጀመሪያ አንድ አፕ አውርጄ ነበር፣ ስሙን ልተወው፣ ቢሉ ከወደቀ ከሶስት ቀን በኋላ፣ ወንድሜ ተናዶ ተናዶ ከበረደለት በኋላ ነው ኖቲፊኬሽን የላከልኝ። ከዛ ነው ማይቢልስን ያገኘሁት። የሚኒሶታ ምክር ቤት የራሱ ነው፣ ነፃ ነው፣ አካውንት ከፍታችሁ በቢል ቁጥር ወይ በጉዳይ ወይ ቢሉን ባቀረበው ሰው ስም መከታተል ይቻላል።

የኔ ምክር በቁጥር ብቻ አትከታተሉ። የሹፌሮቹ ቢል በ2015 ኤችኤፍ 2369 ነበር የሚባለው (ኤችኤፍ ማለት ከታችኛው ምክር ቤት የመጣ ቢል ነው)፣ ሁለቱንም ምክር ቤት አለፈ፣ ደስ አለን፣ ግንቦት 17 አገረ ገዢው ቲም ዋልዝ ቪቶ አደረገው፣ አልፈርምም ብሎ መለሰው ማለት ነው። ስልጣን ከያዘ የመጀመሪያ ቪቶው ነው በናታችሁ፣ ከስንት ህግ መርጦ የኛን! ቪቶ የተደረገ ቁጥር ደሞ እዛው ቀረ ማለት ነው፣ ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት የተመለሰው በሌላ ቁጥር ነው፣ እኔ ሞኙ የሞተ ቢል ስጠብቅ ስንት ወር ከረምኩ። አሁን የያዝኩት በሴናተር ኦማር ፋቴህ ስም ነው፣ የሚኒሶታ ሴኔት ላይ የሹፌሮቹን ነገር ይዞ የሚሟገተው እሱ ስለሆነ። በዛው ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ ልጅ የመንግስት ኮሌጅ በነፃ የሚለውንም አየሁ፣ እሱ የከፍተኛ ትምህርት ትልቁ ቢል ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያለፈው፣ ኦምኒበስ ይሉታል። ስለዚህ አንድ ቢል ኮሚቴ ላይ ለወራት ቀጥ ካለ ሞቷል ብላችሁ አትቅበሩት፣ ሌላ ቢል ሆድ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ገፁ ላይ ቀን በቀን ተፅፏል፣ መጀመሪያ ንባብ፣ ወደ ኮሚቴ ተመራ፣ ሁለተኛ ንባብ፣ ሶስተኛ፣ ድምፁ ስንት ለስንት። ፅሁፉን ስትከፍቱት አዲስ የሚገባው ቃል ከስሩ ተሰምሮበታል፣ የሚወጣው መሀሉን ተሰርዟል፣ ይሄ ነገር ሱስ ሆኖብኛል። ቪቶን ግን ለእማዬ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር፣ እኛ ጋ ምክር ቤት ያፀደቀውን ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ባይፈርሙበትም ህግ ይሆናል አይደል፣ «የተመረጡት ሁሉ እሺ ካሉ አንድ ሰው ምን አገባው?» አለችኝ፣ እኔ ምን ልበላት።

የ2016ቱ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ግንቦት 11 እሁድ የመጨረሻዋ ቀን ነበረች፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ማፅደቅ የለም፣ የነሱ እኩለ ሌሊት ደሞ ለኛ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ጀምሮ ሪፍሬሽ ሳደርግ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ፣ በስልክ ዳታ ቀጠልኩ፣ እማዬ ጀበናዋን ጥዳ አጠገቤ ቁጭ። አለፈ! በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። ጮኼ ለወንድሜ ደወልኩለት። «ከተማው እኮ 1 ከ40 እና 51 ሳንቲም ወስኖልን ነበር፣ ይሄኛው ያንን ሽሮ ነው የመጣው፣ ቀነሰብን እንጂ» አለኝ፣ ደሞ ተሳፋሪ ይዣለሁ ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ ለሰርቪሱ ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በራሴ እንግሊዝኛ ተናድጄ ነው። እማዬ ስንት ሆነ ስትለኝ በማይል ያለውን በብር መትቼ ነገርኳት፣ «ለአንድ ማይል? እዚህ ባጃጅ ያን ሁሉ ብር ቢጠይቅ ማን ይሳፈራል» ብላ ቡናዋን ቀዳች።