ድምፁ የፋን ነበር፤ የከፈልኩት ግን የሀርድ ዲስክ

ጎንደር ውስጥ ቤታችሁ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ ሰሞኑን ኮምፒውተራችሁ ማጉረምረም የጀመረባችሁ። እኔ የነቃሁት 8,300 ብር ከከፈልኩ በኋላ ነው። እናንተ በነጻ ንቁ።

ቤቴ ማራኪ አካባቢ ነው። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ አንዳንዴም የሰርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ፣ ስለዚህ እንጀራዬ ያ አሮጌ ዴል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው «ክርርርር» አለ። የቡና ወፍጮ ውስጥ ጠጠር የገባ ነው የሚመስለው። አሥር ደቂቃ ያህል ጮኸና ራሱ ዝም አለ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ ሰምታ «ወፍጮ ገዛሽ እንዴ?» አለችኝ።

ጠዋት ሲበርደው ይጮኻል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፒያሳ ወሰድኩት። በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ኮብልስቶኑ እያንገጫገጨኝ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ጸብ አልፈልግም፣ ደግሞም ይሄን የሚያደርገው እሱ ብቻ አይመስለኝም። ጠጋኙ ትሁት ልጅ ነው። «እናቴ ግቢ፣ ተቀመጪ» አለኝ። እናቴ! ገና አርባ ሳይሞላኝ። ያኔውኑ ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ።

ሲፒዩውን (ሳጥኑን ማለቴ ነው) ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ከፈተው። ለኮሰው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ሀርድ ዲስኩ ነው። መብራት መትቶታል። ዛሬ ነገ ይሞታል፣ ያለሽ ፋይል ሁሉ አብሮ ይሄዳል።» እኛ ከተማ ደግሞ መብራት መታው ከተባለ ማን ይከራከራል? ማታ ማታ አምፖሉ እንደ ሻማ ሲፈዝ፣ ሄዶ ሲመጣ፣ የስንቱን ቤት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ እንዳቃጠለ ሁላችንም እናውቃለን። የስድስት ዓመት ሥራዬ፣ የልጆቼ ፎቶ፣ የሰው ጽሑፍ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም።

አዲስ 1 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ 7,500፣ ዊንዶውስ ለመጫንና ፋይል ለማዛወር 800። ደረሰኝ ስጠይቀው ማሽኑ ተበላሽቷል አለኝ። አሮጌውን ዲስክ ስጠይቀው «ቆሻሻ ነው፣ ምን ያደርግልሻል፣ እዚሁ ተይው» አለኝ። ተውኩት። አዎ፣ ሞኝ ነኝ። ሲጨርስ እዚያው እንደተጋደመ አብርቶ «ሰማሽ? ጸጥ!» አለ። እውነትም ጸጥ ብሏል። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት አስገብቼ እንደ ድሮው አቆምኩት። በማግስቱ ጠዋት፦ ክርርርር።

ደወልኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ እስኪላመድ ነው» አለኝ። ሀርድ ዲስክ እንደ ጫማ ይላመዳል እንዴ?

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የሚያጠናው። ታሪኩን ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ገንዘቡን ስነግረው ሳቁን አቆመ። «እትዬ፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አምስት ደቂቃ በቂ ነው» አለኝ። አጥፍቶ ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ ያዘ፣ የጎኑን ክዳን ፈታ። ከዚያ የሀርድ ዲስኩን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለና እንደገና አበራው። ዊንዶውስ አልገባም፣ ስክሪኑ ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ መጣ። ወፍጮው ግን ይፈጫል! «ዲስኩ በሌለበት ከጮኸ ዲስኩ አይደለም» አለ። በቃ፣ ይሄው ነው። 8,300 ብሬን ያለቀስኩላት እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

የቀረው የሚሽከረከረውን መፈተሽ ነው። እኔ ቤት ያለው ሳጥን ሦስት ፋን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያ) አለው፤ አንዱ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ላይ፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ፓወር ሳፕላይ (መብራት ለውስጡ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ውስጥ። ልጁ ክንፉን ሳይሆን መሀሉን፣ እምብርቱን፣ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ለአንድ ሰኮንድ ያህል ይጫናል። የኋላውን ሲይዝ ድምፁ ቀጠለ። የፕሮሰሰሩን ሲይዝ ቤቱ ጸጥ አለ። ሲለቀው ክርርር። ተገኘ።

ሱቁ ውስጥ ለምን ዝም አለ ታዲያ? እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ርካሽ ፋን መሀሉ ላይ ያለው ዘንግ በትንሽ ቅባት ነው የሚዞረው። ዓመታት ሲቆይ፣ አቧራም ሲገባበት (የእኛን የበጋ አቧራ ታውቁታላችሁ) ቅባቱ ይደርቃል፣ ዘንጉ ይላላል። ጠዋት ሲበርድ የቀረው ቅባት ይወፍርና ይንኳኳል፣ ሲሞቅ ይቀጥንና ይሻለዋል። ሳጥኑ ቆሞ ሲሆን የፕሮሰሰሩ ፋን ዘንግ አግድም ነው፣ በአንድ ጎኑ ተጭኖ ይፋተጋል። ሲጋደም ግን ዘንጉ ቀጥ ይልና ድምፁ ይጠፋል። ጠጋኙ ሳጥኑን አጋደመው፣ ድምፁ ጠፋ፣ እኔ ከፈልኩ። አውቆ ነው ሳያውቅ? ስለ ፋኑ አላውቅም። ስለ ዲስኩ ግን አውቆ ነው፣ አሁን ትሰማላችሁ።

የእህቴ ልጅ ዲስኩን መልሶ ሰካና ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫነ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ መዝግቦ ይይዛል፣ ፕሮግራሙ ያነበዋል። የእኔ «አዲስ» ዲስክ 31,412 ሰዓት ይላል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፣ እናንተው አካፍሉት። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሠራ ዲስክ ነው! የጤናው ምልክትም ቢጫ ነው፤ የተበላሹ ቦታዎችን በመጠባበቂያ መተካት ጀምሯል፣ ደህና ዲስክ ላይ የተተኩት ቦታዎች ቁጥር ዜሮ ነው። ዞር አድርገን ስናየው ደግሞ ተለጣፊው ሐምራዊ ነው። ዌስተርን ዲጂታል ሐምራዊውን የሚሠራው ለደህንነት ካሜራ መቅጃ ነው። የሆነ ሕንፃ በር ላይ ሌባ ሲጠብቅ የከረመ ዲስክ እኔ ቤት መጥቶ የሰርግ ካርድ ያስቀምጣል።

እንግዲህ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ዲስክ በእርግጥ ሲሞት ድምፁ ሌላ ነው፤ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» እያለ በእኩል ልዩነት ይመታል፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ይደርቃል። ያን ከሰማችሁ ደጋግማችሁ አታጥፉ አታብሩ፣ ከምንም በፊት ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። «ትርርርር» የሚል፣ ልጆች ብስክሌት ጎማ ላይ ካርቶን ሲሰኩ የሚወጣው ዓይነት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ገመድ የፋኑን ክንፍ ነክቶ ነው፤ ገመዱን ወደ ጎን ማሰር ነው፣ ወጪው ዜሮ። ቀጭን «ሲይይይ» ገጽ ስታንሸራትቱ ወይም ጌም ሲከፈት የሚለዋወጥ ከሆነ ጆሮ ይበላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ኮምፒውተራችሁ ኤስኤስዲ (ፋይል በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው የዲስክ ዓይነት) ብቻ ካለው ደግሞ «ዲስኩ ነው የሚጮኸው» የሚላችሁን ሰው ደህና ዋል ብላችሁ ውጡ፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ድምፁ ከፓወር ሳፕላይ ከሆነ ግን እሱን ራሳችሁ አትክፈቱ። ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ያስቀራል።

ብሎወር (አቧራ የሚያበንን የነፋስ መሣሪያ) የምትጠቀሙም፣ ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት። በነፋሱ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ዘንጉን ይጨርሰዋል። ጎረቤቴ ደግሞ «የኑግ ዘይት ጠብ አድርጊበት» ብላኛለች፣ እግዜር ይስጣት። የምግብ ዘይት ቆይቶ እንደ ሙጫ ይይዛል። የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ ለጊዜው ያስታግሳል ይባላል፣ የእህቴ ልጅ ግን አልሞከረውም፤ አዲስ ፋን በ700 ብር ገዝቶ አሰረልኝ።

ሱቅ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ፣ ቤት በሚቀመጥበት አኳኋን አቁመው ያብሩት፣ ድምፁም ፊታችሁ ይሰማ። ዲስኩ ነው ካሏችሁ ነቅለው ያሳዩዋችሁ። አዲስ ዲስክ ሲሰኩ የሰዓቱን ቁጥር ሳታዩ ብር አታውጡ፣ አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም እዚያው አካባቢ ነው። መለያ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ ቢሞትም ተቀበሉ! ውስጡ የቤታችሁ ገመና አለ። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ከብሩ ይልቅ በልጆቼ ፎቶ ነው።

ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ቁጥሩን በስልኬ አሳየሁት። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይዋሻል አለ። ቀጥሎ አስመጪው ነው ያታለለኝ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠኛል፣ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ ስለው «እናቴ» መባሉ ቀርቶ «እመቤቴ» ሆንኩ። «ቆሻሻ» ያለው አሮጌው ዲስኬ ከመሳቢያ ውስጥ ወጣ፤ አቧራው ተጠርጎ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ለማን «አዲስ» ሊሆን እንደነበር እግዜር ይወቅ።

የካሜራውን ዲስክ መለስኩለት። 4,000 ብር እጄ ላይ ቆጠረ። ደረሰኝ ስለሌለኝ የቀረውን 4,300 በምን እንደማስከፍለው እየመከርኩ ነው፤ የባንክ ዝውውሩ ስልኬ ላይ አለ፣ እሱን አትሜያለሁ። አሮጌውን ዲስኬን ቤት ሰክተን አየነው። 9,000 ሰዓት አካባቢ ነው የሠራው፣ ምልክቱ ሰማያዊ ነው፣ «ጥሩ» ይላል። ፎቶዎቹም አሉ።

ጠጋኙ ቀሪውን ሐሙስ ነይ ብሎኛል። ሐሙስ ከእህቴ ልጅ ጋር እሄዳለሁ።