ስኳር ሲወርድ፦ የትኛውን ግሉካጎን ልግዛ?

እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ብንጠራት፣ ብንነቀንቃት አልነቃም አለች። ቤት ያለው የወረደ ስኳር የሚያነሳው መድኃኒት፣ የድሮው ግሉካጎን ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ ዱቄት፣ ሲሪንጅ ውስጥ ውሃ። ወንድሜ ክዳኑ ላይ ያለውን መመሪያ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ውሃውን ዱቄቱ ላይ እገፋለሁ፣ እበጠብጣለሁ፣ መልሼ እስባለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ብልቃጡ ውስጥ ቀረ። ደግነቱ ነቃች። እዚህ አሜሪካ ፋርማሲ ያሉትን አንድ በአንድ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለምን ተበጥብጦ አይሸጥም ነበር? ግሉካጎን 29 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ነው። ውሃ ውስጥ ከቆየ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ክር ይሠራሉ፣ ፈሳሹም እንደ ጄሊ ይረጋል። ስለዚህ የድሮው እንደተበጠበጠ ወዲያው ይወጋል፣ የተረፈው ይደፋል። አዲሶቹ ሦስቱ፣ ባክሲሚ፣ ጂቮክና ዜጋሎግ፣ ይህን ችግር ያለፉት በየራሳቸው መንገድ ነው። የት እንደምታስቀምጡትና ማን ሊሰጠው እንደሚችል የሚወስነውም ያ መንገድ ነው።

ባክሲሚ (2019) ውሃውን ጨርሶ ተወው። 3 ሚሊግራም ዱቄት አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ታማሚው አየር ወደ ውስጥ መሳብ አያስፈልገውም፤ ራሱን ስቶም ይሠራል፣ ጉንፋን ቢይዘውም ይሠራል። ጫፉን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ አረንጓዴው መስመር እስኪጠፋ መግፋት ነው፣ በቃ። ጠላቱ እርጥበት ነው። ከታሸገው ቱቦ አስቀድሞ አይወጣም። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መጫንም የለም፤ ያለው አንድ ዶዝ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው ጂቮክ ደግሞ ውሃውን ለወጠው። ግሉካጎኑ ያው የድሮው ነው፣ የተበጠበጠው ግን ዲኤምኤስኦ በሚባል ፈሳሽ ነው። ውሃ ከሌለ ክሩም አይፈተልም። ብዕር የሚመስለውን መርፌ እርቃን ቆዳ ላይ ተጭኖ 5 ሰከንድ መያዝ ነው፤ መስኮቱ ቀይ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፦ ፍሪጅ አይገባም። ኢንሱሊን ባለበት ቤት መርፌ የተባለ ሁሉ ወደ ፍሪጅ ነው የሚሮጠው፤ እኛም ቤት እንዲያው ነው። ይሄኛው ከነፎይል ከረጢቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የሚሆን ግማሽ ዶዝ፣ 0.5 ሚሊግራም፣ አለው። ትንሽ ልጅ ላለው ቤት የኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ዜጋሎግ (2021) ሞለኪውሉን ራሱን ነካካው። ከ29ኙ አሚኖ አሲዶች 7ቱ ተቀይረዋል፣ ስሙም ዳሲግሉካጎን ሆኗል። ውሃ ውስጥ ሳይበላሽ ይቆያል። ለኬሚስትሪ ከሆነ እኔ ለዚህ ነው የማጨበጭበው። ቦታው ግን ፍሪጅ ነው። ከወጣ ደግሞ ቢበዛ 12 ወር ነው፣ ተመልሶም አይገባም። የወጣበትን ቀን ካርቶኑ ላይ የማይጽፍ ሰው ባይገዛው ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው።

ዋጋ? ያለ ኢንሹራንስ ሁሉም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ኢንሹራንሱ የትኛውን እንደሚሸፍን መጀመሪያ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ምርጫውን እሱ ይጨርሰዋል።

የትኛውንም ስጡ፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ነው። 911 መደወል፣ ማስታወክ ሊኖር ስለሚችል በጎን ማስተኛት፣ እስክትነቃ ድረስ በአፍ ምንም አለመስጠት። በ15 ደቂቃ ካልነቃች ሁለተኛ ዶዝ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ሁለት ያለበትን ማሸጊያ የምመርጠው።

እኛ የአፍንጫውን ወሰድን። ቤት የሚውሉት አክስቴ መርፌ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ዱቄቱን ግን «ይሄንንማ እችላለሁ» አሉ። እናቴ ድሬዳዋ ልትሄድ ስትል ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ባክሲሚ የሚችለው እስከ 30 ዲግሪ ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ ያንን አልፋ ነው የምትውለው። በእጅ ቦርሳ ይዛው ሄደች። እዚያም የቤቱ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ፣ ከነቱቦው አስቀመጡላት። መኪና ውስጥ እንዳይተውት በየስልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ።