ታይሻንን ከእናቴ ጋር ላወጣን ልጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይሄን ጽሁፍ መጻፍ ከነበረብኝ ወር አልፎኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ያን ልጅ አመሰገንሽው?» ትለኛለች። «በዊቻት አመስግኜዋለሁ» ስላት አይጥማትም። «ምስጋና ሰው ፊት ነው» ትላለች። እሺ እማ፣ ይኸው ሰው ፊት።

ባለፈው ሰኔ ቻይና፣ ጂናን ከተማ ላይ ማስተርሴን ጨርሼ ስመረቅ እናቴ መጣች። 61 ዓመቷ ነው። ከምረቃው በኋላ አምስት ቀን ቀራት። ሐይቁንም የገበያ ማዕከሉንም አሳየኋት፤ አልደነቃትም። አንድ ማታ የመነዘርኩላትን ዩዋን ስትቆጥር የ5ቱን ኖት ገለበጠችና «ይሄ ተራራ የት ነው?» አለች። ታይሻን ነው። ከጂናን በፈጣን ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ግሸን ማርያምን ሁለት ጊዜ በእግሯ የወጣች ሴት ናት። ተራራ ሲነሳ ጉልበቷን ትረሳለች።

ለማታውቁት፣ ቻይኖች አምስት ታላላቅ ተራሮች አሏቸው። የምሥራቁ፣ የሁሉም አውራ የሚባለው ታይሻን ነው። ንጉሠ ነገሥቶቻቸው ሰማይና ምድርን ለማመስገን ይወጡበት ነበር። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዛሬ ብዙ ሰው ሌሊቱን ወጥቶ ጫፉ ላይ የፀሐይ መውጫን ያያል። እኛም ያንን አሰብን።

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነው። ከፍታውን አይቼ ናቅኩት። ከ1,500 ሜትር ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 በላይ ናት! «ጫፉ ከሳሪስም ዝቅ ይላል» ብዬ ለጓደኞቼ ቀለድኩ። የረሳሁት ነገር መነሻውን ነው። ከተራራው ሥር ያለችው ታይአን ከተማ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 1,300 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ያውም በድንጋይ ደረጃ፣ ከ6,000 በላይ ደረጃ። የሐበሻ ሳንባ አያስቸግርም። ጉልበት ግን ሐበሻም ሆነ ቻይና ያው ጉልበት ነው።

ይሄን የነገረችኝ የክፍል ጓደኛዬ «ፔይ ፓ ፈልጊ» አለችኝ። አብሮ መውጣት እንደማለት ነው። ታይአን ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ጠንካራ ጠንካራ ተማሪዎች እየተከፈላቸው ሰው ያጅባሉ። ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ያበረታታሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሲብስም እጅ ይዘው ይጎትታሉ። ሺያዎሆንግሹ በሚባለው የቻይኖች ማኅበራዊ መተግበሪያ ላይ ስሙን ብትጽፉ መዓት ይመጣላችኋል። መጀመሪያ ያናገርኩት ሰውዬ 100 ዩዋን ቀብድ ወስዶ ተሰወረ። ስለዚህ ጥቆማ አንድ፦ ቀብድ አትላኩ። ደህናዎቹ ከወረዱ በኋላ ነው የሚቀበሉት።

ሁለተኛው ግን እግዜር የላከው ልጅ ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ስሙን እዚህ አላወጣም። እኛ «ዲዲ» ነበር የምንለው፤ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። የታክሲው መተግበሪያም ዲዲ ስለሚባል እናቴ እስከ መጨረሻው «ዲዲ ጥሪ» ስላት ልጁን ነው የምታየው። እሱ ደግሞ እሷን «አዪ» ይላታል፤ አክስቴ፣ እትዬ እንደማለት።

ሰው ባለሙያ መሆኑ በጥያቄው ይታወቃል። ዲዲ ስለ ክፍያ ከማውራቱ በፊት አምስት ነገር ጠየቀኝ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ጉልበቷ እንዴት ነው? ደም ግፊት አለባት? መድኃኒት ትወስዳለች? በመጨረሻ የምታደርገውን ጫማ ፎቶ ላኪልኝ አለ። ለጉዞው የገዛሁላትን አዲስ ስኒከር ላኩለት። «አይሆንም፣ አሮጌ የላትም?» አለ። እናቴ አሮጌ ጫማዋ ሲመሰገን ደስታዋን አትጠይቁኝ።

ቀኑንም እሱ ነው የመረጠው። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል። በሜይ 1 እና በኦክቶበር 1 የበዓል ሰሞን ደግሞ እንዳታስቡት፤ ማደሪያ ያጣ ሰው መጸዳጃ ቤት ሲያድር ዜና የሆነበት ተራራ ነው። ረቡዕ ማታ ወጥተን ሐሙስ እንድንወርድ ተስማማን። ለሌሊቱ 400 ዩዋን። የአየር ትንበያው ደመና እንደሚያሳይም አልደበቀንም። «ፀሐይዋን ላታዩ ትችላላችሁ፤ ቀን ልቀይርላችሁ?» አለ። የእናቴ በረራ ቅዳሜ ስለነበር አልቻልንም።

ባቡር ለምትቆርጡ አንድ ነገር። «ታይአን» እና «ታይሻን» ሁለት የተለያዩ ጣቢያዎች ናቸው። ፈጣኑ ባቡር የሚቆመው ታይአን ነው። ታይሻን የድሮው የመደበኛ ባቡር ጣቢያ ነው። እኔ ቻይንኛ እያነበብኩ ልሳሳት ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

ከተማው ውስጥ እስከ ማታ ጋደም የምንልበት ክፍል ይዤ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርታችንን ስታይ «የውጭ ሰው መመዝገብ አንችልም» አለች። ተከራከርኩ፣ አልሆነም። ዲዲ ፈተና ላይ ነበር። እንደወጣ ሦስት ቦታ ደውሎ ሌላ አገኘልን፤ በር ድረስም አደረሰን። ይሄ ከ400ው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ የሰዓት ነገር መጣ። ዲዲ «9 ሰዓት እንነሳለን» አለ፤ በነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እናቴ 9ን ሰምታ ቀን ላይ ተዘጋጅታ ጋቢዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። (ከዚህ በታች ሰዓት ሁሉ በኛ ነው።) እኔ ደግሞ ለምን በ1 ሰዓት አንነሳም፣ እናቴ ቀርፋፋ ናት ብዬ ተጨቃጨቅኩ። እሱ ፈቀቅ አላለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀድሞ በመድረስ ነው አለ። እየሮጠ ይወጣል፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ በንፋስ ላይ አራት ሰዓት ይንቀጠቀጣል። በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 11 ሰዓት ግድም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ሲቀር መድረስ ይበቃል።

ከሆንግመን፣ ማለትም ከቀዩ በር፣ ተነሳን። መግቢያው 115 ዩዋን ነው፤ ፓስፖርት እንዳትረሱ። እዚያው የቀርከሃ ምርኩዝ ይሸጣል። እናቴ መቋሚያ ያገኘች መስሏት ሦስቱን በእጇ መዝና አንዱን መረጠች። ትንሽ እንደወጣን ኮንፊሽየስ ወጣበት የሚባለውን ቦታ የሚያመለክት የድንጋይ በር አለ። እዚያ ላይ ቆሜ ፎቶ ላንሳ ስል ዲዲ «ስንመለስ» አለ። ሌሊቱን ሙሉ መልሱ ይሄው ነበር፦ «ስንመለስ»። ስንመለስ በሌላ መንገድ ወረድን። ብቸኛ ቅሬታዬ ይሄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። 50 ደረጃ ይቆጥራል፣ ያቆመናል። እናቴ ሳትደክም ነው የሚያስቀምጣት። «አልደከመኝም እኮ» ስትል «አውቃለሁ፣ ለዛ ነው» ይላል። እሱ በቻይንኛ ሲቆጥር እሷ በአማርኛ ትቆጥራለች። እኩለ ሌሊት ላይ እስከ አሥር በአማርኛ መቁጠር ችሎ ነበር፤ «ሰባት» እና «ስምንት» ግን አሁንም ይምታቱበታል። እኔ የምተረጉመው ነገር አልቀረልኝም፤ የራሴን ትንፋሽ አዳመጥኩ።

ጆንግቲያንመን፣ የመንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ረጅም ዕረፍት አደረግን። እዚህ ላይ እቅድ የምታወጡ ልብ በሉ። እስከዚህ ድረስ በቀን በአውቶቡስ መምጣት ይቻላል፤ ከዚህ ወደ ላይ ኬብል መኪና አለ። ሌሊት ግን ኬብሉ አይሠራም። «ሲደክመኝ ኬብል እይዛለሁ» ብላችሁ በሌሊት ከተነሳችሁ ተቀምጣችሁ ማንጋት ነው። ዲዲ እናቴን እዚህ ቁጭ አድርጎ ጉልበቷን እያጠፈች እየዘረጋች እንድታሳየው ጠየቃት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አዪ ትችላለች። አንቺ ግን ቦርሳሽን ስጪኝ» አለ። አፈርኩ። ሰጠሁት።

ከዚያ በላይ የአምስቱ ጥዶች ቦታ ይገኛል። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ተራራውን ሲወጣ ዝናብ ያዘውና ዛፍ ሥር ተጠለለ ይባላል። ለውለታው ለዛፉ ማዕረግ ሰጠው። የአሁኖቹ ጥዶች በኋላ የተተከሉ ናቸው። ይሄን ስተረጉምላት እናቴ በሳቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ደጃዝማች ጥድ!» አለች። ዲዲ ምን አለች ብሎ ለረጅም ጊዜ ወተወተኝ። ደጃዝማችን በቻይንኛ ማስረዳት ከተራራው ይከብዳል።

አሁን ወደ ጉዱ እንሂድ። ሺባፓን ይባላል፣ 18ቱ ጥምዝ። 1 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከ1,600 በላይ ደረጃ ነው። ቀና ስትሉ የሰዉ ባትሪ ከሰማይ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰንሰለት ይታያል። የሀገሩ ሰው በሦስት ይከፍለዋል፦ ላላ ያለው 18፣ ላላም ጠበቅም ያላለው 18፣ ጠበቅ ያለው 18። እናቴ «እንደ ፊደል ነው እንዴ፣ የሚላላ የሚጠብቅ?» አለች። ጠበቅ ያለው ላይ ግን ቀልድ አለቀ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሙሉ እግር አያስቀምጥም። ዲዲ በአግድም እንድትወጣ አሳያት፣ እግር ወደ ጎን፣ አንድ እጅ ብረቱ ላይ። እሱ ከኋላዋ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ ክንዱን እንደ አጥር ዘርግቶ። ሳይነካት። አንድም ጊዜ ሳይጎትታት። አንዳንድ አጃቢ ሰው እየጎተተ ለቪዲዮ ሲሮጥ አይቻለሁ። እሷ በራሷ እግር መውጣት እንደምትፈልግ ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም።

ናንቲያንመን፣ የሰማይ ደቡብ በር የሚሉት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገባን። እናቴ አማተበች፣ ከዚያ ቆሎ አወጣች።

ላይ ይበርዳል፣ በሰኔም ቢሆን። ሰዉ ሁሉ የወታደር ካፖርት ይከራያል። ለኔ አንድ ሲያመጡ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት፤ ዲዲ መልሶ ደረቅ አስቀየረልኝ። እናቴ ግን ጋቢዋን ደርባ ተከናንባለች። ካፖርት ከለበሰው ሕዝብ መሀል ነጭ ጋቢ! ከፀሐይዋ ይልቅ እሷን ፎቶ ያነሳ ይበዛል።

ፀሐይዋስ? አልወጣችም። ማለት ወጥታለች፣ እኛ አላየናትም። ጉሙ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ነጭ ሆነ፤ አለቀ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ላይ «ኤጭ» አለ። ዲዲ ራሱ ያጠፋ ይመስል አንገቱን ደፋ። እናቴ ጀርባውን መታ መታ አደረገችና «በለው፣ ፀሐይ ሀገሬም አለች» አለችኝ።

ከጫፉ በታች የቢሺያ ቤተ መቅደስ አለ። የተራራዋ እመቤት የሚሏት ናት፤ ልጅ የሚለምኑ ሴቶች ይመጣሉ። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። «እዚህ አይወለቅም» አልናት። አልገባችም፤ ውጭ ቆማ አሮጊቶቹን አየች። አንዷ ዕጣን የያዘች ባልቴት እጇን ያዘቻት። ሁለቱም በየቋንቋቸው አወሩ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ጉልበት ይመስለኛል።

ከዚያ በ1907 የተቀረጸው፣ 5 ዩዋኑ ላይ ያለው የድንጋይ ጽሑፍ ጋ ተሰለፍን። ኖቱን ከድንጋዩ ጋር አስተያይቶ ፎቶ መነሳት የግድ ነው። ዲዲ መሬት ላይ ተኝቶ ነው ያነሳን።

ስትወርዱ በእግር አትውረዱ። መውጣት ትንፋሽ ይፈጃል፤ ጉልበት የሚበላው መውረድ ነው። ኬብሉ ለሰው 100 ዩዋን ነው፤ ከጆንግቲያንመን ደግሞ አውቶቡስ። ጠዋት ላይ ዕቃ በትከሻ እንጨት የሚያወጡ ሰዎች ደረጃውን ሲጀምሩ አይተናል። ውሃ ላይ ላይ ለምን እንደሚወደድ ያኔ ገባኝ።

እናቴ ረቡዕን ሙሉ በጾም ነበር የዋለችው። ዲዲ ይሄን ሰምቶ ስለነበር ሐሙስ ጠዋት ሲያበላን ሥጋ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። ለነገሩ ከተማዋ የምትኮራው በሦስት ነገር ነው፦ በጎመን፣ በቶፉ እና በውሃ። ከጾመኛ ጋር የተፈጠረች ከተማ ናት። በስስ ቂጣ የተጠቀለለ ሽንኩርትም አለ፤ እናቴ ቂጣውን ወደ ብርሃን ዘርግታ «ዓይን የለውም» አለች። ግን ሁለት በላች።

ስንለያይ 500 ዩዋን ላክሁለት። 100ውን እዚያው መለሰልኝ። ቆሎውን ግን በሁለት እጁ ተቀበለ። እናቴ «እደግ ተመንደግ» ብላ መረቀችው። ተረጎምኩለት። የዚሁ የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ልጅ ነው፤ ቁመቱ በሩን ይሞላል። «አሁንም ልደግ?» አለ።

ታይሻን ለመውጣት የምታስቡ፣ በተለይ ወላጅ ይዛችሁ የምትመጡ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃል፤ ከዚያ በኋላ አላውቅም።

ትናንት «የአዪ ጉልበት እንዴት ሆነ?» ብሎ ጻፈልኝ። ለእናቴ አስተላለፍኩ። የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በአማርኛ ላከችለት። ሙሉውን አዳምጦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መለሰ።