ዋርኖክ እና ዎከር፦ የጆርጂያ መራጭ ማንን ከማን አመዛዘነ?

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ሴኔት ለጆርጂያ ግዛት ወንበር የተፎካከሩት ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከዚያ ውጭ ብዙም አይመሳሰሉም።

ዴሞክራቱ ራፋኤል ዋርኖክ ወንበሩ ላይ የነበሩት ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሰበኩበት የአትላንታው ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ናቸው። በጥር 2021 በመለያ ምርጫ ያገኙት የቀድሞውን ሴናተር ቀሪ ዘመን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላቸው እንደገና መወዳደር ነበረባቸው። ግን የሚያሳዩት ሥራ ነበራቸው። የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ተጠቃሚዎች ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ የሚያደርገውን ሕግ ገፍተውበታል። የስኳር ሕመምተኛ ላለበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሪፐብሊካኑ ኸርሸል ዎከርስ? የአሜሪካ ፉትቦል ጀግና ናቸው። በ1982 ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ዋንጫ ወስደዋል። የትራምፕም ድጋፍ ነበራቸው። የፖለቲካ ልምድ ግን አልነበራቸውም።

ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ሌላ ቦታ ነው። በኅዳሩ የምርጫ ቀን የፓርቲያቸው ሰው፣ የግዛቱ ገዢ ብራያን ኬምፕ፣ የገዢነቱን ምርጫ በቀላሉ አሸነፉ። ዎከር ግን ከኬምፕ 200 ሺህ ያህል ድምፅ አነሱ። ስለዚህ ችግሩ ፓርቲው ነው ለማለት ይከብዳል፤ ዕጩው ነው።

በኅዳሩ ምርጫ ዋርኖክ 49.4፣ ዎከር 48.5 በመቶ አገኙ። የጆርጂያ ሕግ ከግማሽ በላይ ስለሚጠይቅ ከአራት ሳምንት በኋላ በሁለቱ መካከል የመለያ ምርጫ ተደረገ። ዋርኖክ 51.4 በመቶ አግኝተው ወንበራቸውን አስጠበቁ።