ፒያሳ ያለው ዳቦ ቤት

ከፋሲል ግቢ ብዙም የማይርቀው ትንሹ ዳቦ ቤት ዳቦው ጥሩ ነው፤ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል። ደንበኛ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። ለራሳችሁ ስትገዙ ለአንድ ተማሪ ቁርስ መክፈል ትችላላችሁ። ባለቤቷ መዝግባ ይዛ ጠዋት ጠዋት ዳቦና የደምቢያ ሽምብራ ቆሎ ለትምህርት ቤት ትልካለች። ሽምብራ 20 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ባዶ ሻይ ጠጥቶ ለሚመጣ ልጅ ትልቅ ስንቅ ነው። መምህርት ስለሆንኩ የራበው ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ሲደፋ አያለሁ፤ አንጀቴን ይበላዋል።

ልጄ ከእንቁጣጣሽ ብሯ ቆጥራ ራሷ ትከፍላለች። ባለቤቷ “ተባረኪ የኔ እመቤት” ብላ የዳቦውን ብዛት ብቻ ትጽፋለች። የሰጪም የተቀባይም ስም ግድግዳ ላይ አለመለጠፉን ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ። ቅዳሜ ወረፋው ይረዝማል፤ በማለዳ ሂዱ፣ ብሩንም ልጆቻችሁ በእጃቸው ይስጡ።