በሠርግ ላይ «ስቲል ጊታር ይኖራል» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ባለፈው ግንቦት የእህቴ ልጅ በቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ተዳረች። የሙዚቃውን ነገር «እኔ እይዘዋለሁ» ብዬ የተረከብሁት እኔ ስለነበርሁ፣ በዕለቱ የገጠመን ሁሉ በእኔ ፊርማ የመጣ ነው። ከፍልሰታ በኋላ ለሚደረጉ ሠርጎች ባንድ ለመያዝ በዝግጅት ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን ቃል በቃል እንድታነቡ ለማሳሰብ ይህን ጽፌአለሁ። ሙዚቀኞችን ከደንበኛ የሚያገናኘውን ድርጅት ስም ያልጠቀስሁት ክርክሩ ገና ስላላለቀ ነው፤ አሠራሩም የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለኝም።

ሙሽራው የቴነሲ ልጅ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አያቱ ስቲል ጊታር ይጫወቱ ስለነበር፣ ያ ድምፅ በሠርጉ ላይ እንዲሰማ አጥብቆ ፈለገ። የእህቴ ልጅ በበኩሏ «እንግዲያው በእሱ መሣሪያ የእኛን ዘፈን ይጫወቱልን» አለች። መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ክራር ስለምነካካ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው እንዲያውም የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት። ስቲል ጊታር ስሙን ያገኘው አካሉ ከብረት ስለተሠራ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ በክሮቹ ላይ ከሚያንሸራትተው የብረት ዘንግ ነው። መነሻው ሃዋይ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የኦዋሁ ደሴት ወጣት ዘዴውን እንደጀመረው ይነገራል፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ዋና ምድር ተሻግሮ ካንትሪ የሚባለው ሙዚቃ መለያ ድምፅ ለመሆን በቃ። ክሩ በጣት ተጭኖ ከአንገቱ ጋር ስለማይጣበቅ፣ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተሳበ ይሄዳል፣ ሲፈለግም በሁለቱ መካከል ይቆማል። ማሲንቆ ሲያለቅስ የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ሦስት ዘፈኖች መረጥን፤ ለሙሽራዪቱ አባት አንድ ትዝታ፣ ለደሴዎቹ ዘመዶቻችን አንድ ባቲ፣ ለሙሽሮቹ መግቢያ ደግሞ በአንቺሆዬ ቅኝት የሚዜም አንድ የቆየ የሠርግ ዘፈን። የድርጅቱ ተወካይ በስልክ «ያልተለመደ የዘፈን ምርጫ ለእኛ አዲስ አይደለም» አለችኝ። ሦስት አባላት ያሉት ባንድ 2,900 ዶላር፣ ስቲል ጊታር ተጫዋቹ ለብቻው 900 ዶላር፣ በጠቅላላው 3,800 ዶላር ሲሆን፣ ከተለመደው ዝርዝር ውጭ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዘፈን ደግሞ 150 ዶላር «የልምምድ» እንደሚታሰብ አስረዳችኝ። ይህ ተጨማሪ ክፍያ አልከበደኝም፤ ሙዚቀኛ የማያውቀውን ዘፈን ለማጥናት ጊዜውን ይሠዋልና ሊከፈለው ይገባል፣ አሁንም የማምነው እንዲሁ ነው። የዘፈኖቹን ቅጂ በኢሜይል ላክሁላቸው። ትዝታው ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ባቲው ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ መሆኑን ሳይቀር ጻፍሁ። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር መልስ መጣልኝ።

ግማሹን ክፍያ በየካቲት ስፈርም፣ ግማሹን ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው በክሬዲት ካርድ ከፈልሁ። የሦስቱን ዘፈኖች 450 ዶላር ግን «ይህ በቀጥታ ለሙዚቀኞቹ የሚሄድ ስለሆነ በዜል ይላክልን» ስላሉኝ፣ ለምን ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት በዚህ መንገድ ላክሁት። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነበር። የመጀመሪያው፣ ዘጠኝ ገጽ ውል ሥራ ቦታ ቆሜ፣ ያውም በስልኬ ላይ መፈረሜ ነው።

ባለ ፔዳሉ ስቲል ጊታር በእግሮቹ የሚቆም፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ክር ያለው፣ ከሥሩ በእግር የሚረገጡ ፔዳሎችና በጉልበት የሚገፉ ማንሻዎች የተገጠሙለት፣ ተጫዋቹም ከኋላው ተቀምጦ የሚጫወተው ዕቃ ነው፤ ከነሳጥኑ ሲሸከሙት ወገብ ያጎብጣል። በሠርጉ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአዳራሹ በር የተቀበልሁት ሰው ግን ተራ ጊታር በጀርባው አዝሎ፣ በእጁ የወረቀት ኩባያ ቡና ይዞ ነበር። «ስቲል ጊታሩ መኪና ውስጥ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና የጣት ርዝመት ያላት የመስተዋት ቱቦ አውጥቶ በትንሿ ጣቱ ላይ አጠለቃት። «እኔ የምጫወተው በዚህ ነው፤ ድምፁ ይቀራረባል» አለኝ።

ሰውየውን አልወቅሰውም። ሐሙስ ማታ ተደውሎለት፣ 250 ዶላር እንደሚከፈለው ብቻ ተነግሮት የመጣ ነው። እኔ ስለላክኋቸው ሦስት ዘፈኖች የሰማው ነገር አልነበረም። የሚያውቃቸውን የአሜሪካ ዘፈኖች በሚገባ ተጫወተ፣ የሙሽራው ወገኖችም ደስ ብሏቸው ጨፈሩ። ጉዱ የመጣው የእኛ ተራ ሲደርስ ነው። መድረክ መሪው ለሙሽራዪቱ አባት የተዘጋጀ ትዝታ እንደሚቀርብ ሲያስታውቅ፣ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ቆሙ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘና እኔ ራሴ የላክሁትን ቅጂ ከፈተው። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ተዘርግተዋል፤ አንዱንም ግን አይነካም። ዘፋኙ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ለመሻገር ትንፋሽ ሲስብ ድምፁ ተቋረጠና አንዲት ሴት በደስታ እየተፍለቀለቀች የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ እንዴት እንደሚቀንስ ለሁለት መቶ ሠርገኛ ትነግረን ጀመር። ከወጣቶቹ ጠረጴዛ ሳቅ ተነሣ። ጋሼ ጥቂት ቆዩና ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እህቴ ያኔ ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

በማግሥቱ መልስ ነበር። ያው ባለ ቱቦው ሙዚቀኛ ኀፍረት ተሰምቶት የአንድ የሜሪላንድ ሰው ስልክ ሰጥቶኝ ስለነበር፣ ሌሊቱን ለመንሁትና ጭን ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት ስቲል ጊታር ይዞ በአራት መቶ ዶላር ለሁለት ሰዓት መጣልን። መሣሪያው ስድስት ክር አለው፤ ሲ ሲክስ በሚባለው ቅኝት ስለተቃኘ ክሮቹ እንዳሉ ሲነኩ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይላሉ። እንግዲህ ከትዝታ አምስት ድምፆች አራቱ በእጁ ናቸው ማለት ነው፤ የጎደለችውን ሬ ዘንጉን በዶው ክር ላይ ሁለት መስመር ገፋ በማድረግ ያገኛታል። እኔ በክራር እየመራሁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትዝታው ወጣ፣ ባቲውም ተከተለ። አንቺሆዬን ሦስት ጊዜ ሞክሮ «ይህን ለማድረስ ሁለት ሳምንት ያስፈልገኛል፣ አበላሽቼ ባልጫወትላችሁ ይሻላል» አለ። ለድርጅቱ የከፈልሁት 450 ዶላር ይህችን አንዲት ቅን ቃል እንኳ አልገዛልኝም።

ከዚህ ሰው የተማርሁትን አንድ መለያ ላካፍላችሁ። የማያውቀውን ዘፈን ለመጫወት ከልቡ የተዘጋጀ ሙዚቀኛ ጥያቄ ያበዛል፤ ዘፋኝ አለ ወይስ የለም፣ በየትኛው ድምፅ ይነሣል፣ ፍጥነቱ እንዴት ነው፣ ሰው የሚጨፍርበት ነው ወይስ የሚያዳምጠው፣ ከብዙዎቹ ቅጂዎች የትኛውን ነው የምትወዱት ይላል። ሦስት እንግዳ ዘፈኖችን ተቀብሎ «ደርሶናል» ብቻ የሚል ወገን ዘፈኖቹን አልከፈታቸውም።

ሰኞ ዕለት ውሉን በወረቀት አትሜ አነበብሁት። በአራተኛው ገጽ «ደንበኛው የመረጣቸው ልዩ ዘፈኖች በዝግጅቱ ላይ ይቀርባሉ» ይላል፤ በማን፣ በምን መሣሪያ የሚል ቃል የለበትም። በሰባተኛው ገጽ ደግሞ ድርጅቱ «ሙዚቀኛንም ሆነ መሣሪያን በተቀራራቢ ሊተካ» መብት ሰጥቼዋለሁ። ስደውልም የተሰጠኝ መልስ ከዚሁ የተቀዳ ነበር፤ «ዘፈኑ በአዳራሹ ተሰምቷል፣ ስለዚህ ቀርቧል»። እናንተ ስትፈርሙ «ይቀርባል» የሚለው ተሰርዞ «በሙዚቀኞች በቀጥታ ይጫወታል፣ ከቅጂ አይለቀቅም» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ። የመሣሪያው ዓይነትና የተጫዋቹ ስም በግልጽ ይቀመጥ፣ ለውጥ ቢኖር ከሠርጉ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገራችሁና ካልተስማማችሁ ምን ያህል እንደሚመለስላችሁ ይጠቀስ። ይህን ስትጠይቁ የሚያኮርፍ ድርጅት ካለ፣ መልሱን በነጻ አግኝታችኋል።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት በስምምነቱ ልክ ያልተሰጠ አገልግሎት በክሬዲት ካርድ ላይ ሲታሰብ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ለካርድ ሰጪው ባንክ ማመልከት ይቻላል። የየካቲቱ ቀብድ ጊዜው አልፎበት አገኘሁት። የግንቦቱ ክፍያ ግን በቀኑ ውስጥ ስለነበርና ስቲል ጊታሩ በውሉ ላይ ለብቻው 900 ዶላር ተብሎ ስለተጻፈ፣ ባንኩ ያንን መለሰልኝ። ቀብዱን አሳንሱ፣ ትልቁን ክፍያ ወደ ሠርጉ ቀን አስጠጉ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በዜል የሄደውን 450 በተመለከተ ባንኩ «በፈቃድህ የላክኸው ነው» ብሎ ዘጋው።

ለእሱ በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሱ ክሶች ያለ ጠበቃ ወደሚታዩበት ችሎት ሄጃለሁ፤ ቀጠሮው ለነሐሴ መጨረሻ ነው። የቪዲዮ ባለሙያው ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ በትዝታው መካከል የገባችውን የኢንሹራንስ ሴትዮ ቆርጦ እንዲያወጣት ጠየቀኝ። ለሙሽሮቹ ከሚሰጠው ቅጂ ላይ እንዲያወጣት፣ ለእኔ ግን ከነድምፅዋ እንዲተውልኝ ነገርሁት።