ላቲን የተጫነበትና ላቲን የተመኘው

በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ላቲን የጨዋ ልጅ መለያ ነበር። ሁለት ልብወለዶች ይህን ከየጎኑ ያሳያሉ።

በጆርጅ ኤልየት «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» (1860) የወፍጮ ባለቤቱ ልጅ ቶም ሳይወድ በግዱ ሰዋስው ይሸመድዳል። እህቱ ማጊ ግን መጽሐፉን በደስታ ታገላብጣለች። መምህሩ ሴቶች ፈጣን እንጂ ጥልቅ አይደሉም ይላል። (ጆርጅ ኤልየት የወንድ ስም ቢመስልም የብዕር ስም ነው፤ ደራሲዋ ራሷ ላቲን አዋቂ ሴት ነበረች!)

በቶማስ ሃርዲ «ጁድ ዘ ኦብስኪዩር» (1895) ደግሞ ድሃው ጁድ የዳቦ ጋሪ እየነዳ ያጠናል። ቋንቋውን በአንዴ የሚፈታ ምስጢራዊ ሕግ ያለ መስሎት ነበር። ለካ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ መሸምደድ ያስፈልጋል! በኋላ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ ለኮሌጅ ኃላፊዎች ጻፈ። የደረሰው መልስ «በሙያህ ጽና» የሚል ነው።

ኤልየት ታስቃለች፣ ሃርዲ አንጀት ይበላል። እኔን ይበልጥ የምታናድደኝ ግን የማጊ ነገር ናት። ጁድ በሩ የተዘጋበት አጥንቶ ሲያንኳኳ ነው፤ እሷ ገና ሳትጀምር።